አያቴ ስንዴ የሚፈትንበት መንጋጋ

አያቴ ማክሰኝት ገበያ ስንዴ ሲገዛ መጀመሪያ አንዲት ፍሬ በመንጋጋው ይሰብር ነበር። "ይሄ አልደረቀም፤ ለአህያህ አብላው!" ሲል ነጋዴው ራሱ ይስቃል። አሁን የምንገዛውን የሚፈትንልን የለም።

ያ መንጋጋ ሲቦረቦርበት እዚያው ገበያ ዳር ጥርስ የሚሞላ ሰው ዘንድ ሄደ። ሰውየው የበሰበሰውን በመሰርሰሪያው ጠርጎ ሳያወጣ ከላይ ደፈነው። "አያ፣ እንደ አዲስ ሆነልህ" አለው። መግሉ መውጫ አጥቶ ወደ አንገቱ ወረደ። ጎንደር ወስደነው ሐኪሙ ይህን ሲነግረን አያቴ መተንፈስ አቅቶት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ዘመዶቼ "ለእግዜር ስጪው" ይሉኛል። እኔ ሰው ፊት መናገር አፍራለሁ። ባለፈው ገበያ ግን ሰውየው ደጅ ቆሜ፣ ጉንጫቸውን ይዘው ለመጡት ሁሉ ያደረገውን ነገርኳቸው። አንድም አልገባለትም።

"ምነው ልጄ፣ እንጀራዬን ልትዘጊ ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

አያቴ፣ አንተ እረፍ። እኔ በሚመጣውም ገበያ እዚያው ነኝ።