ውሃ የከለከልኳቸው ዛፎች

ባሌን የገደለው የጥቅምት ንዳድ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እየተቃጠለ ውሃ ለመነኝ። ንዳድ የያዘው ሰው ውሃ ከጠጣ ይሞታል ይባል ስለነበር፣ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አራስኩለት እንጂ አልሰጠሁትም። በአራተኛው ቀን መለመኑን ተወ።

ከጎጃም ወርደን አሶሳ አጠገብ ከሰፈርን ሰባት ዓመታችን ነበር። ባሌ ከሱዳን የሚመጡ ነጋዴዎች ማንጎ በልተው የጣሉትን ፍሬ ለቅሞ፣ ከቤታችን በታች ባለው ተዳፋት ላይ ሠላሳ ያህል ተከለ። «ደጋ ሳለን የንብ ማር ሸጥን፤ እዚህ የዛፍ ማር እንሸጣለን» ይለኝ ነበር። በክረምት ሣሩን እናጭዳለን፣ ምስጥ እንዳይበላው ግንዱ ሥር አመድ እንነሰንሳለን፣ በበጋ የዱር እሳት እንዳይገባ ዙሪያውን እንመነጥራለን። ዛፎቹ ከጣራችን በላይ አደጉ። አበባ ግን አላየባቸውም።

እሱ ከሞተ በኋላ ማጠጣት ጀመርኩ። የአገሬው ሴቶች እንደሚያደርጉት፣ በትከሻዬ በተሸከምኩት ሽመል ሁለት ጫፍ ቅል እያንጠለጠልኩ ከወንዙ እመላለስ ነበር። ያን በጋ ቅጠላቸው ለመለመ፤ አንድም አላበበም።

ለሙት ዓመቱ የመጣው ዋርሳዬ ዞር ዞር ብሎ አያቸውና፣ «ወንድሜ ለዝንጀሮ ጥላ ተከለ» አለ። «እታለም፣ እስከ ጥምቀት ካላበበ ቆርጬ ጥጥ እዘራበታለሁ። አንቺም እኔ ቤት ትገቢያለሽ።»

ከዚያ ወዲያ በቀን ሁለቴ የነበረውን ሦስቴ አደረግሁት።

በኅዳር መጀመሪያ ቅሎቼን ሞልቼ ስወጣ፣ ጎረቤቴ የሆኑት የበርታ ሽማግሌ መንገድ ላይ አገኙኝ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም።

«የት ትሄዳለህ ልጄ?»

«ላጠጣቸው ነው፣ አባቴ።»

«ማነው የታመመ?» ብለው ሳቁ። «እኔ ማንጎ ውሃ ሰጥቶ አያውቅም። ወላሂ፣ ዛፍ ጠገበ፣ ቅጠል ብቻ ያወጣል። ተጠማ፣ ያኔ ልጅ ያስባል። ተወው፣ ይጠማ።»

«ቢሞትብኝስ?»

«ሰው አይደለም እኮ» አሉኝ።

ውሃውን እዚያው መንገድ ላይ ደፋሁት። ሽመሉን ጣራ ሥር ሰካሁት።

በታኅሣሥ መሬቱ ተሰነጣጠቀ። ቀትር ላይ ቅጠሎቹ ወደ ታች ሲንጠለጠሉ በዚያ በኩል እንዳላይ በጓሮ በር እወጣ ነበር። ዳዊት ልደግም እቀመጥና አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ። አንድ ቀን አቃተኝ። ባሌ ሥራ ሲደክመው ጋደም ይልባት ወደነበረችው የዳር ዛፍ አንድ ቅል ውሃ ይዤ ሄድኩ። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ በየቀኑ ሄድኩ። ሌሎቹን አለፍኳቸው።

ጥር ሲብት በየቅርንጫፉ ጫፍ ቀላ ያለ ነገር ወጣ። በሳምንቱ ተዳፋቱ በአበባ ተሞላ፤ የንቡ ድምፅ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ሽማግሌው አጥሩ ላይ ተደግፈው «ልጅ አሰበ!» እያሉ ጮኹልኝ። እኔ ደስ እንዲለኝ ጠበቅሁ፤ አላለኝም። እነዚህን ጥማት አዳናቸው፤ እሱንስ?

ዋርሳዬ በጥምቀት ማግስት መጥረቢያውን ይዞ መጣ። ብዙ ቆሞ ሲያይ ቆየና ወደ ዳር ዛፏ ጠቆመ። ለምለም ነበረች፤ አንድ አበባ የላትም።

«ይችን እንኳ ልጣልልሽ፣ መካን ናት።»

«ተዋት» አልኩት። «ይችኛዋ ውሃ የለመነችኝ ናት።»

አየኝና መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

የሌሎቹን ፍሬ በየሚያዝያው በቅርጫት ሣር አንጥፌ በአህያ ወደ ገበያ እልካለሁ። ነጋዴዎቹ ጣፋጭ ነው ይላሉ። የዳሯ እስከ ዛሬ አላፈራችም። በጋ በመጣ ቁጥር ሽመሉን ከጣራው ሥር አወርዳለሁ።