በነጎድጓድ የምትተኛ ልጅ

የጆሃንስበርግ የኅዳር ዝናብ ቀጠሮ አክባሪ ነው። ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተደፋ ሳህን መስሎ ያረፍዳል፤ ከሰዓት በኋላ ከወደ ደቡብ ጥቁር ደመና ይነሣና በከተማው ላይ ማጉረምረም ይጀምራል። ዛሬም እንዲሁ ሆነ። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲመታ የጎረቤቴ ውሻ መኪና ሥር ገባ። እኔም ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ያልለመድኩት ነገር ነውና ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የወንድሜ ልጅ ቤተል ግን መብላት የጀመረችውን ኮክ ሳትጨርስ ሶፋው ላይ ጋደም አለችና ሆዷን በክንዷ አቅፋ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። ሌሎች ልጆች አልጋ ሥር ሲደበቁ እሷ ታዛጋለች። ባሏ ገና እጮኛዋ ሳለ አንድ ቀን መኪና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ፣ መብረቅ ሲወርድ ጭልጥ ብላ ብትተኛበት ራሷን የሳተች መስሎት ሆስፒታል ድረስ ወስዷታል። በኋላ እኔ ጋ መጥቶ "አንቲ፣ ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ፍጥረት ናት?" ሲለኝ ሳቅሁበት እንጂ መልስ አልሰጠሁትም።

የቤተል እናት ታደለች ታምማ ሰንብታ፣ ከወንድሜ ጋር ተመልሳ በምትኖርባት ሆሳዕና ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች። ወንድሜ ታምራት ሲደውልልኝ የሱቄን ቁልፍ ይዤ በር ላይ ደርሼ ነበር። ለቅሶው እያነቀው "ልጅቷ እስክትገላገል ቃል እንዳይወጣሽ" አለኝ። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም፤ እኛ ዘንድ ከጥንት የመጣ ነው። ዛሬ ግን ሞት በስልክ እየበረረ የሚደርስበት ዘመን ስለሆነ፣ ባሏ "መስታወቱን ላሠራልሽ" ብሎ ስልኳን ተቀበላትና እሷን እኔ ቤት አድርሶ ሄደ። ከረፋዱ ጀምሮ ኮክ እየላጥኩ፣ ወሬ እየፈለግኩ አስቃታለሁ። መንጋጋዬ እስኪያመኝ ሳቅሁ። እንባዬ የመጣው እሷ ተኝታ ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ሲጀምር ነው። በነጎድጓድ ተከልሎ ማልቀስን ያስተማረችኝ ራሷ ታደለች ናት።

ያኔ ሃያ ዓመት በቅጡ አልሞላኝም ነበር። ከሆሳዕና የመጣሁትም ለእሷ ተብዬ ነው። ታምራት በከተማው ዳር፣ ዲፕስሉት በሚባል ሰፈር ስፓዛ ነበረው፤ በብረት ፍርግርግ ተከልሎ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ። ታደለች የመጀመሪያ ልጇን እዚያ ፀንሳ ሳለች ሽጉጥ የያዙ ሰዎች ገቡ። ማንንም አልነኩም፤ የፈለጉትን ይዘው ወጡ። ብዙ ሳይቆይ ግን ፅንሱ ወረደባት። ሐኪሙ ያለ ምክንያትም ይደርሳል ብሏቸው ነበር። ለቤተሰቡ ግን ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ድንጋጤ ነው አለ ሁሉም። ስለዚህ ሁለተኛውን ስትፀንስ ታምራት ከዲፕስሉት አውጥቶ መሐል ከተማ አቅራቢያ ዮቪል በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየላት፣ እኔንም አስመጣኝ። ሥራዬ አንድ ብቻ ነበር፤ እንዳትደነግጥ መጠበቅ።

ቀላል ሥራ ይመስላል። በሩ በነፋስ እንዳይላተም ጨርቅ እወትፋለሁ። ድስት ሳስቀምጥ እንደ ሌባ ነው። ሲያስነጥሰኝ ኩሽና እሮጣለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንኳ ፓስተሩ ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት ቀን ከሆነ በር አጠገብ እናስቀምጣታለን። "እኔ እንቁላል ነኝ እንዴ?" ትለን ነበር። በዚያ ላይ አምሮቷ አለ። ቆጮ አማራት ተብሎ ምእመኑ ሁሉ ተነቃነቀ፤ ከአገር ቤት የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ተጠየቀ። አምሮቷ ካልወጣላት ልጁ ላይ ምልክት ይቀራል ብለው የሰጉ ሴቶች ነበሩ። አንዷማ የበቆሎ ዱቄት ለውሳ በቅጠል ጠቅልላ ጋገረችና ቆጮ ነው ብላ ይዛ መጣች። ታደለች ቀመሰችው፣ አላመጠችው፣ ዋጠችው። "እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እናቴ፤ ቆጮን አይመስልም፣ ግን ደግነትሽን ይመስላል" አለቻት።

ከሁሉ በላይ የምትጠብቀው እሑድን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሮኪ ጎዳና ላይ ካለች ስልክ ቤት ለእናቷ ትደውላለች። እናቷ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ "በልተሻል?" ነበር የሚሏት። እኔ ውጭ ቆሜ በመስታወቱ ስትስቅ አያታለሁ። ያን ቀን እስከ ማታ በደረጃው፣ በኩሽናው፣ ልብስ ስታጥፍ ያው ሳቅ ፊቷ ላይ ይቆያል። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ እሑድ እሑድ አብዝቶ ይራገጥ ነበር። ምናልባት ለእኔ መስሎኝ ይሆናል።

ጃካራንዳው ባበበበት ሰሞን ነው ነገሩ የመጣው። በዚያ ወቅት ጎዳናው ሁሉ ሐምራዊ ይሆናል፤ አበባው ጫማ ሥር እየተጨፈለቀ ትንሽ ድምፅ ያሰማል። አገር ቤት ዝናቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ እዚህ ገና መጀመሩ ነው። አንድ ቅዳሜ ታምራት ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋር መጣና ወደ ደረጃው ጠራኝ። የታደለች እናት ሞተዋል። ሽማግሌው ትከሻዬን ይዘው "ልጄ፣ የሁለት ነፍስ ነገር ነው፤ ጥርስሽን ነክሰሽ ቻዪው" አሉኝ። ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግሁና ወደ ላይ ወጣን። ታምራት ትልቅ ሐብሐብ ተሸክሞ ነበር።

ታደለች በሩን ከፍታ አየችው። "ሱቁስ?" አለችው።

"ዕረፍት አማረኝ" አላት፣ እየሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እሷ ሐብሐቡን ተቀበለችውና ቢላዋ ፍለጋ ገባች።

የሚቀጥለው እሑድ መስመሩ ተበላሽቷል አልናት። ከዚያ ሆሳዕና መብራት የለም አልናት። ለሦስተኛው እሑድ ሌላ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን አልጠየቀችም። ስልክ ቤቱን ዓይኗ እያየ አለፈችው። እኛ ጸሎታችን የሰመረ መስሎን ደስ አለን። ቤታችን እንግዳ አያጣም ነበር። ሴቶቹ ተራ ገብተው ይመጣሉ፣ በሩ ላይ ፊታቸውን አስተካክለው ይገባሉ፣ በሆነ ባልሆነው ይስቃሉ። ዶሮ ረከሰ ብለው የሚስቁ ሰዎች ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ታደለች "ልረፍ" ብላ ትነሣለች። ነጎድጓዱ ሲጀምር ከመኝታ ቤቷ ዜማ ይሰማል። ቃል የለውም፤ አንድ ቦታ እየዞረ የሚመለስ፣ ዝቅ ያለ ዜማ ነው። አንዳንድ ጊዜ ታቆመውና በሀዲይኛ ታወራለች። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማታለሁ። ስለ እንሰት ቅጠል ታወራለች፤ ዝናብ ሲወርድበት እንዴት እንደሚንጫጫ፣ እናቷ ልጆቿን ከሥሩ ሰብስባ በነጠላዋ እንዴት እንደምትሸፍናቸው። ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ገበያ ስትሄድ ዋጋ ተከራክሮ የሚረታት እንዳልነበረ። እንደ ሕልም ነበር። ዮቪል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬ ሣር የረገጠ ይመስለኛል።

አንድ ቀን በረዶ መጣ። የዚህ አገር በረዶ የመኪና ቆርቆሮ ያጎደጉዳል። መስኮቷን ልዘጋላት ሮጬ ስገባ ታደለች በጎኗ ተኝታ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታዜማለች። ፊቷ በእንባ ርሷል። ዜማውም እንባውም አይቋረጡም። መዳፏ ሆዷ ላይ ቀስ እያለ ይዞራል። የተሸከምኩትን ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

"እትዬ ታደለች፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"አትንገሪኝ" አለች፣ ሳትዞር።

ከዚያ "ወንድምሽ ነግሮኛል" አለችኝ።

"ታምራት? እሱ እኮ በምንም ተአምር…"

"በአፉ አይደለም። በወር መጨረሻ ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ደመወዙን ይዞ በሚሰለፍበት ቀን፣ ሱቁን ዘግቶ ሐብሐብ ተሸክሞ መጣ። የእኛ ሰው በዚያ ቀን ሱቅ ሲዘጋ አይተሽ ታውቂያለሽ? ትኩሳት ቢይዘው እንኳ ብርድ ልብስ ለብሶ ይሸጣል። ሰው ሞቶ ነው አልኩ። በእሑዱ ደግሞ የእናቴ መስመር ተበላሸ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ከነገራችሁኝ መሬት ላይ መቀመጥ አለብኝ። ደረቴን መምታት አለብኝ። ለእናቴ የሚገባት ነው፣ አላጓድልባትም። ግን አሁን አይደለም። ባለፈው ልጄ ከነድንጋጤዬ ሄደብኝ። ይቺን በጩኸት አልቀበላትም።" ሆዷን ዳሰሰች። "መርዶ እስኪነገረኝ ድረስ እናቴ አለች። እስከዚያው ላስተዋውቃቸው።"

በረዶው መስኮቱን ይቆረቁራል።

"አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ" አለችኝ። "ሳቃችሁ ያስፈራኛል። አንድ ሰው ሳይስቅ አጠገቤ ይቀመጥልኝ።"

ከአልጋው ግርጌ ተቀመጥኩና እግሯን ያዝኩላት። በእርግዝናው አብጦ ነበር፤ ሙቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ቦታዬ እዚያ ሆነ። እሷ ታዜማለች፣ ታወራለች፣ ሲብስባት ታለቅሳለች። ነጎድጓዱ ድምፃችንን ይውጠዋል። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ይረጋና ሁለታችንም እንቅልፍ ይወስደናል። ያን የመሰለ እንቅልፍ ከዚያ በኋላ ተኝቼ አላውቅም።

ቤተል በሰላም ተወለደች። ታደለች ስትጠነክርላቸው ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ገና ሳይነጋ መጡ፤ መርዶውን ተናገሩ። ያን ያህል እንባ የት አስቀምጣው እንደነበር እንጃ። ልክ ያን ጠዋት እንደሰማች አለቀሰች፤ ማስመሰል አልነበረም፣ በቀጠሮ ያቆየችው ሐዘን ነበር። ሕፃኗ በጩኸቱ ነቅታ አብራ አለቀሰች፣ ከእጅ ወደ እጅ ብትዞር እምቢ አለች። ከሰዓት በኋላ ግን ሰማዩ ጠቆረ። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲመታ ለቀስተኛው ሁሉ ደነገጠ፤ ቤተል በዚያች ትንሽ አፏ አዛጋችና እጄ ላይ ተኛች። ታደለች ከመሬት ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

የሐብሐቡን ነገር ከዚያ በኋላ ለሰው ሁሉ እያወራች ታምራትን ስታሳቅቀው ኖራለች። ቤተልም ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷን "የወር መጨረሻ ቅዳሜ" እያለች ትቀልድበታለች። የነጎድጓዱን ግን ታደለች ለማንም አላወራችም። የእኔና የእሷ ሆኖ ቀረ።

አሁን ክሊኒክ ስትሄድ ቤተልን ጭንቀት ለልጁ ጥሩ አይደለም ይሏታል። እውነታቸውን ይሆናል፤ እኔ ብርድ ልብስ ሻጭ ነኝ። በሐዘን ላይ በሆድ ያደገ ልጅ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ቤተል የረጋች ልጅ ሆነች ብል ደግሞ የታክሲ ሾፌሮች ይታዘቡኛል፤ አንዱም ከምላሷ አላመለጠም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። እናቷ ሐዘኗን ከእሷ አልሰወረችም፤ በዜማ ጠቅልላ፣ ሰው አጠገቧ አስቀምጣ ነው ያሻገረችላት። ሰማይ ሲናድ ልጅቷ የምትሰማው የሞቀ ነገር ነው።

ዝናቡ ቀለል ሲል ቤተል ዓይኗን ገለጠች። ፊቴን ቶሎ ብዬ ጠረግሁ።

"ሶሪ አንቲ፣ ተኛሁብሽ አይደል?" አለችና ኮኳን ፈለገች። ኮኩ ከተቀመጠበት አጠገብ የሱቄ ቁልፍ ነበር። ጠዋት እንደገባሁ የጣልኩት ነው። ቁልፉን አየችው፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ዞረች።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ። "የወር መጨረሻ።"

ዕድሜ ልኬን በወንድሜ የሳቅሁበትን ስሕተት እኔው ሱቄን ዘግቼ ደገምኩት። ከጠየቀችኝ አልዋሻትም ብዬ ወሰንኩ። ዓይኗ ሞላ፣ ግን አልፈሰሰም። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ በታደለች ዓይን ነበር የምታየኝ። ከዚያ ተመልሳ በጎኗ ተኛች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ መዳፏን ሆዷ ላይ አደረገች።

"አንቲ" አለችኝ። "ለልጄ ስለ እማዬ አውሪላት።"

ሩቅ ሌላ ነጎድጓድ አጉረመረመ። ከሶፋው ግርጌ ተቀመጥኩና እግሯን ያዝኩላት። አብጧል፤ ሙቅ ነው።

"አያትሽ ዝናብ ትወዳለች" ብዬ ጀመርኩ።