የአያቴ ሥራ

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ትሮይቪል በሚባለው ሰፈር ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ዘራቸው ከጀርመን ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ የአባቶቻቸውን ስም ሲለቅሙ ኖረው፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ብረት ያቀልጡ የነበሩ ሰዎች ላይ ደርሰዋል። አንድ እሑድ ወረቀቶቻቸውን ዘርግተው እያሳዩኝ፣ «ያንተስ አያት ምን ይሠሩ ነበር?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው እየተባለ ስለሚሸሽ፣ እዚህ ላሉት ወገኖቼ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ማን ነገራቸው? ባለፈው ሳምንት ሊጠይቀኝ የመጣውን፣ ቤተሰቤን የሚያውቀውን የአገሬን ልጅ ጠረጠርኩ።

«ገበሬ ነበሩ» አልኩ። «ለምን ጠየቁኝ?»

«የተጣመመውን የበር ማጠፊያ ስታቃና አይቼህ ነው። መዶሻ አያያዝህ የለማጅ አይደለም።»

ፊታቸውን ደጋግሜ አየሁት፤ ተንኮል አጣሁበት። እሳቸው ጣታቸውን አንድ ስም ላይ አሳርፈው፣ «ይሄ እስኪሞት ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ነው» አሉ በኩራት። በቀጥቃጭ አያት የሚኮራ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የኔም አያት ቀጥቃጭ ነበሩ» አልኳቸው።

ደስ ብሏቸው፣ «ስማቸውን ጻፈው» ብለው እስክሪብቶ ሰጡኝ። ወረቀቱን ሌላ ማን እንደሚያየው እስኪነግሩኝ ድረስ ግን አልጻፍኩም።