መተተኛ ያለኝ ባለከረባት

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ነው። ድንጋጤው አልፎልኛል፤ ለዚያ ሰውዬ ያደረብኝ ንቀት ግን እስከ ዛሬ አለ።

የመመረቂያ ሥራዬ በበግ አንጎል ላይ ነበር። አንጎል ውስጥ የነርቭ ሕዋሶችን ደግፈው የሚይዙ ሌሎች ሕዋሶች አሉ። እነሱን ለይቼ፣ በውስጣቸው ያሉትን ደቃቅ ቅንጣቶች አውጥቼ ማጥናት ነበረብኝ። አንጎሉ ትኩስ ካልሆነና በረዶ ውስጥ ካልተቀመጠ ቅንጣቶቹ ይበላሻሉ። ስለዚህ መርካቶ፣ ከራጉኤል ጀርባ ምግብ ቤት ካላቸው ከጋሼ ከድር ጋር ተስማማሁ። ጠዋት በግ ሲያርዱ አንጎሉን አውጥተው በብልቃጥ ይሰጡኛል።

አንድ ቀን አንጎሉን ተቀብዬ፣ በረዶ የሞላ ሳጥኔን አቅፌ እዚያው በራቸው አጠገብ ታክሲ እጠብቃለሁ። ከረባት ያሰረ፣ የቆዳ ቦርሳ የያዘ ጎልማሳ ጎኔ ቆሟል።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አለኝ።

የተማረ ስለመሰለኝ አልደበቅኩትም። አንጎል መሆኑን፣ ለላቦራቶሪ እንደምወስደው ነገርኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህቺ ልጅ መተተኛ ናት፤ የሰው ናላ ነው የያዘችው» ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

መርካቶ ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ አይፈጅም። ከበቡኝ። አንዱ ሹራቤን ጎተተ፤ ሌላው ሳጥኑን ነጥቆ ገለበጠው። ብልቃጡ አስፋልቱ ላይ ተሰባበረ። ድንጋይ ያነሳም ነበር። ባለከረባቱ ከኋላ ሆኖ «እንዳታመልጣችሁ» ይላል።

ጋሼ ከድር ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ ከቤት ወጡ። «ምን ሆናችኋል? እኔ ያረድኩት በግ ነው። ቆዳው ጓሮ ተሰቅሏል፤ ገብታችሁ እዩት» አሉ። ሁለት ሰዎች ገብተው አይተው ወጡ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ። ይቅርታ ያለኝ አንድም የለም።

ስብርባሪውን ስለቅም ባለከረባቱ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ግራ ቀኙን አየና ማንሾካሾክ ጀመረ።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ። መሥሪያ ቤት አለቃዬ ፊት ነስቶኛል። አፍዝ አደንግዝ ቢጤ ካለሽ አትንፈጊኝ።»

እኔ እኮ መተት ጠልቶ መስሎኝ ነበር። ሳጥኔን አንስቼ ጥዬው ሄድኩ።

ሥራዬን በሌላ በግ ጨረስኩ፤ ቅንጣቶቹንም በማይክሮስኮፕ አየኋቸው። ድንጋይ ያነሳውን ሰው ፈርቶ ነው ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ። ባለከረባቱን ይቅር ለማለት ግን አልሞከርኩም፤ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው እንኳ የእግዜር ሰላምታ አልሰጠውም።