የባቄላው ሥር እባጮች

«ይነቀል አልኩ እኮ! በሽታ ነው፤ ወደ ጎረቤት ማሳ ሳይዛመት ይነቀል!»

የእርሻ ባለሙያችን የሚጮኸው ከጉደር በኩል የመጣ ገበሬ ከነአፈሩ ያመጣውን ባቄላ በእርሳስ ጫፍ እየገፋ ነበር። በእጁ ሊነካው ተጸይፏል። ሥሩ ላይ ጥቃቅን እባጮች ተጣብቀዋል። ገበሬው የመጣው ቅጠሉን ስለሚበላው ትል ሊጠይቅ ነበር፤ ባለሙያው ግን ትሉን ትቶ ሥሩን ከሰሰ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ አምቦ፣ በዚያ ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ፤ በአሮጌ መዝገብ ጀርባ ግጥም እየሞነጨርኩ ደመወዝ የምበላ።

«ጌታዬ፣ ባቄላ ሁሌም እንዲህ ነው» አለ ገበሬው። «ይሄ ነገር ሲበዛ የከርሞው ገብስ ያምራል።»

«ልታስተምረኝ ነው? ለባለመሬቱ ደብዳቤ እልካለሁ፤ በግድ ያስነቅልሃል!»

የገበሬው ፊት ጠቆረ። ጭሰኛ ነው፤ ያ ወረቀት ከደረሰ የዓመት ቀለቡ አብሮ ይነቀላል።

ባለሙያው ውጭ አገር ሠልጥኖ የመጣ ነው። መጻሕፍቱን መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎባቸዋል፤ አንዱንም ሲከፍት አላየሁም። እኔ ስለ እባጮቹ የማውቀውን ያወቅኩት ከሱቅ በርበሬ ተጠቅልሎበት ከመጣ ገጽ ነው፤ መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ቀን ታገልኩት። ሥሩ የሚያመነጨው ነገር አፈር ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይጠራቸዋል። በሥሩ ፀጉር ገብተው ይራባሉ፤ ተክሉ እነዚህን እባጮች ጓዳ አድርጎ ይሠራላቸዋል፣ ይቀልባቸዋል። እነሱም አየሩን ወስደው ማዳበሪያ ያደርጉለታል። ይህን ነው የተማረው ሰው በሽታ ያለው።

አንዱን እባጭ በምላጭ ሰነጠቅሁት። ውስጡ ቀላ ያለ ነው።

«ይኸው ጌታዬ፣ ሥራ ላይ ሲሆኑ እንዲህ ይቀላሉ።»

«ደም! አላልኩም? ደም መጣጭ ነው!»

ገበሬው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰው ባቄላ በልቶ አያውቅም እንዴ?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሃል? ደብዳቤውን ምታ!»

«አልመታም። እርስዎ ይምቱት።»

በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ በእኛ ቢሮ ማኅተም አያገኝም። ገፋ አድርጎኝ ታይፑ ፊት ተቀመጠ። አንድ ጣቱን ቀስሮ የመጀመሪያዋን ፊደል ይፈልግ ጀመር፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። ላሳየው አልፈለግኩም።

ገበሬው ጥቂት ቆሞ ተመለከተው። ከዚያ ባቄላውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

«በሉ ጌታዬ፣ እሷን ፊደል እስኪያገኙ ባቄላዬ እሸት ይደርሳል» አለና ወጣ። በሩን ከኋላው ዘጋው።