መቁጠሪያው ያላለቀበት ጠዋት

ዛሬ ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ ሰው ደረጃ ላይ ቀይ የወለል ሰም ሲቀባ ሽታው አስቆመኝ። የተማርኩበት የካቶሊክ ሴቶች ትምህርት ቤት ጸሎት ቤት እንዲሁ ነበር የሚሸተው።

ፎርም ስሪ፣ የሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የስደተኛ ወረቀቴ ጊዜው ማለፉን ከእናቴና ከርዕሰ መምህራችን ከሲስተር አግነስ በቀር ማንም አያውቅም። አንድ ጠዋት መቁጠሪያ ደግመን ልንነሳ ስንል ከኢሚግሬሽን ሁለት ሰዎች የውጭ አገር ተማሪዎችን ወረቀት ሊያዩ መጡ። አሮጊቷ ሲስተር አግነስ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጆቹ ጸሎት ላይ ናቸው፤ ሲጨርሱ ትገባላችሁ» አሏቸው። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው «ከመጀመሪያው!» አሉ።

እንደገና ጀመርን። ስንጨርስ ደግሞ እንደገና። እኔ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ቃሉን በደንብ አላውቀውም ነበር፤ ቢሆንም ከሁሉም በላይ ጮኼ ደገምኩ። አጠገቤ የተንበረከከችው ዋንጂሩ ቀና ሳትል እጄን ያዘችኝ። ሰዎቹ ሰዓታቸውን አዩ፣ ተንሾካሾኩ፣ በመጨረሻም በአገሩ ቋንቋ «ኬሾ»፣ «ነገ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ።

ሲስተር ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ አልዋሸሁም፤ ስትጸልዩ ነበር። ነገን ግን እኔም አላውቅም።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ምንም የማይፈሩ ይመስለኝ ነበር። ሰዎቹ ይመለሳሉ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ በር በሩን ሳይ ከረምኩ።

የዚያን ቀን ሳውዝ ሲ ሰፈር ቤታችን ስገባ እናቴ «ትምህርት እንዴት ዋለ?» አለችኝ።

«ጸሎት በዛብን» አልኳት። ሌላውን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።