ከሞጣ ቢቸና፣ በተስቦ ስም

መኪና ከልጅነቴ ጀምሮ አይስማማኝም። ጎማው ሳይንቀሳቀስ፣ ገና ሞተሩ ሲነሳ አፌ ውኃ ይሞላል። መጀመሪያ ከቢቸና ደጀን የሄድሁ ጊዜ አጎቴ ሆዴን በመቀነት ጠፍሮ አሰረና "እንግዲህ በየት በኩል እንደሚወጣ እናያለን" አለ። ወጣ። ነጭ ጋቢው ላይ ወጣ። ደጀን እስክንገባ ድረስ በጥፊ ሲያጮለኝ፣ ተሳፋሪው ጥፊው መድኃኒት የሆነ ይመስል ዝም ብሎ ያይ ነበር።

በኋላ የጤና ረዳትነት ተምሬ ሞጣ ተመደብሁ። ሰው ድሬሰሯ ይለኛል። የራሴን ሕመም ከትምህርቱም ከመከራዬም አጠናሁት። በባዶ ሆድ መሳፈር ክፉ ነው፤ ጠግቦ መሳፈርም ክፉ ነው፤ ጠዋት ቅባት ያልነካው ደረቅ ዳቦ ወይም አንድ ጭብጥ ቆሎ ይበቃል። ከኋላ ጎማው ላይ መቀመጥ አይገባም። ዓይንን ከመኪናው አውጥቶ ሩቅ፣ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው። ክኒን ያገኘም ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዋጥ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ከሌላው ጋር ተያይዞ ይወጣል። ሎሚና ዝንጅብል ከቦርሳዬ ተለይተው አያውቁም ነበር።

ያን ጊዜ አባቴ ሞተው አርባቸው ሊወጣ ነበር። ቢቸና አጠገብ ባለ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው ከያሉበት ለተዝካሩ እንደሚሰበሰቡ እናቴ ልካብኛለች። ዘመኑ ጎልማሳው ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት ነው። ገበያ የወጣ ወንድ እንደወጣ ይቀራል። ስለዚህ ያን ጠዋት ከሞጣ በተነሳው አውቶቡስ ውስጥ አብዛኛው ሴትና ሽማግሌ ነበር።

እኔ ከፊት፣ በቀኝ በኩል፣ መስኮት ሥር ተቀመጥሁ። ከጎኔ አንድ ገበሬ መጣ። ሠላሳን ጥቂት ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የታጠበ ኩታ የለበሰ ሰው ነው። ጭኑ ላይ አፉ በቅጠል የተደፈነ ቅል ይዟል፤ ቅቤ ነው። እህቱ ቢቸና ወልዳ ሊጠይቃት መሄዱ ነበር።

"አፈሳውን አልፈራህም?" አልሁት ቀስ ብዬ።

"ሠላሳን አልፌያለሁ፣ እትየ። እኔን ምን ያደርጉኛል።"

"መኪናስ ለምደሃል?"

"የዛሬው መጀመሪያዬ ነው። ሚስቴ መንገድ እንዳይጎዳህ ብላ ፍትፍት በቅቤ አጥግባኝ ነው የወጣሁት።"

የሚመጣውን ያን ጊዜውኑ አወቅሁት።

ከሞጣ ብዙም ሳንርቅ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ቦታ ተለዋወጥንና መስኮቱን ለሱ ሰጠሁት። መታጠቂያውን እንዲያላላ አደረግሁ፤ ሎሚ ቆርጬ እጁ ላይ አኖርሁ።

"ያን ጮቄን እየው" አልሁት። "ዓይንህን ከሱ አታንሳ። በአፍንጫህ ረጅም ሳብ፣ በአፍህ ቀስ ብለህ ልቀቅ። ሰው ቢያወራህ አትመልስ።"

እሺ ብሎ እንደ ሕፃን ታዘዘኝ። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ያዘለት። እኔ ግን ከመስኮቱ በመራቄ ዝንጅብሌን አኝክ ጀመር። ከደብረ ወርቅ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ ተሳፍሮ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። ፀሐዩ በረታ። ቅቤው ቀለጠና ሽታው መኪናውን ሞላው። ገበሬው አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ፤ ይቅርታ የሚለምን ይመስል ነበር። መስኮቱ የተበላሸ ነበርና አይከፈትም። መተላለፊያው ላይ አስመለሰ።

የመኪናው ረዳት እጁ ላይ የጎማ ቁራጭ ነበረው። ለፍየልም ለሰውም የሚያገለግለው እሱው ነው። መጣና የገበሬውን ጀርባ ይገርፍ ጀመር።

"ይህ በረት ነው? በረት ነው ወይ?" እያለ በያንዳንዱ ቃል ያሳርፍበታል።

ገበሬው እጁን አላነሳም። ሊያነሳ ቢፈልግም አቅም አልነበረውም፤ ቅሉን አቅፎ አጎንብሷል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው እኔን ክንዴ ላይ አገኘኝ።

"ታሞ ነው እኮ፣ ተወው" አልሁ።

"የታመመ በበቅሎ ይሂድ።"

ከኋላ ሰዎች ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ መኪናው ቆመ። መንገዱ ላይ አጣና ተጋድሟል፤ ኬላ ነው። ከጎኑ የጭነት መኪና ቆሟል፤ የጫናቸው ወንዶች አናታቸው ብቻ ይታያል።

ሁለት ወታደሮች ወጡ። "ወንድ የሆነ ሁሉ ይውረድ" አሉ። ሽማግሌዎቹን እያዩ መለሷቸው፤ አራት ሰው ለዩ። ከኋላ የነበረች አንዲት ሴት ባሏን ወገቡን አቅፋ አልለቅም አለች። ጣቶቿን በሰደፍ መትተው አስለቀቋት። ሲጎትቱት አንድ ጫማው በሩ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወደ እኛ መጡ።

"አንተስ? ምን ትጠብቃለህ?"

ገበሬው ሊነሳ ሞከረና ተመልሶ ተቀመጠ። አፉን ከከፈተ እንደሚያስመልሰው አውቆ ጥርሱን ነክሷል፤ መልስ አልሰጠም። ወታደሩ ንቀት መሰለው። ሰደፉን አነሳና ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈበት። እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ቅሉ ወድቆ ተሰነጠቀ፤ ቅቤውና ደሙ ወለሉ ላይ ተቀላቀሉ። ወታደሩ ሊደግም ሲያነሳ ክንዱን ያዝሁት።

"ጓድ፣ በሽተኛ ነው።"

"እናት አገር ስትጠራ ሁሉም በሽተኛ ነው" አለና በእጁ ጀርባ አፌን መታኝ። ከንፈሬ ተቀደደ፤ አንድ ጥርሴ ተነቃነቀ። ደሜን ውጬ "ተስቦ ነው" አልሁ።

አስቤው አይደለም። ቃሉ ራሱ ነው የወጣው። ወታደሩ ግን ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደ። በዚያ ዘመን ተስቦ ሰፈር ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ወታደር አልነበረም። አለቃውን ጠራ። አንድ አሥር አለቃ መጣና ከበሩ ሳያልፍ ቆመ። የጤና ጣቢያ መታወቂያዬን አሳየሁት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እኔው ነኝ የምወስደው። ትኩሳቱን እዩት፣ ላቡን እዩት፣ ያስመልሰዋል። የነካው ሁሉ ልብሱን ይቀቅል።"

አሥር አለቃው ገበሬውን አየው፣ የመታውን ወታደር አየው። "ሂዱ፣ ጥፉ ከዚህ" አለ። ወታደሩ ሰደፉን በአፈር ሲፈትግ ትተነው ሄድን።

አዳንሁት ብዬ ነበር። መቶ ክንድ ያህል እንኳ አልሄድንም፣ ያች ባሏ የተወሰደባት ሴት ከኋላ ተነሳች። ጣቶቿ አብጠዋል።

"የኔን ጤነኛ ወስደው ይህን ሬሳ ተዉልን" አለች። "ልጆቼን ሊጨርስብኝ ነው?"

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ። ረዳቱ የጎማ ቁራጩን ጥሎ እጁን በሱሪው ይጠርግ ጀመር፤ ሲገርፈው ትውከቱ ነክቶት ነበርና እሱ ከሁሉ ይበልጥ ፈራ። "አውጡት" አለ። ኩታውን አፍንጫው ላይ የጠመጠመ አንድ ሽማግሌ በከዘራው የገበሬውን ደረት ወጋው። ሌሎች በእግራቸው ገፉት። እኔ ወገቡን ይዤ ነበር፤ አንዱ ጸጉሬን ጎተተኝ፣ እጁን ነከስሁት። ተስቦ አይደለም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን አብዮት ጥበቃው ዞሮ ያየኛል፤ ኬላውም ገና ከዓይን አልራቀም። አልተናገርሁም።

ሹፌሩ አቆመ። ገበሬውን በበሩ ወረወሩት፤ በትከሻው ነው የወደቀው። ሁለት ሰዎች ተከትለው ወርደው እንዳይጠጋ ድንጋይ ወረወሩበት፤ ሊጠጋ የሚችል ሰው ግን አልነበረም። ሴትዮዋም ወረደች። በደህና እጇ አንድ ድንጋይ ይዛ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ጣለችውና ተመልሳ ገባች።

"አንቺ ተቀመጭ" አለኝ ሹፌሩ። "ጠዋት ስትሳፈሪ የአባቴ አርባ ነው ብለሽ የለም?"

ተቀመጥሁ። ይህን ለሰው ስናገር ሁልጊዜ የምዘለው ነገር ነው። ተቀመጥሁና መኪናው ሁለት ኩርባ ሄደ። ከዚያ "አውርደኝ" አልሁት። ከእግሬ በታች ቅቤ ያንሸራትተኝ ነበር።

ተመልሼ ስደርስ ገበሬው መንገድ ዳር ተቀምጦ ድንጋይ አነሳብኝ። እኔን ሲለይ ጣለው።

"እውነት ልሞት ነው?" አለኝ።

"ተስቦ የለብህም። መኪናው ነው ያዞረህ። እንዳይወስዱህ ብዬ ነው ያልሁት።"

ከዚያ ተነስቶ ነጠላዬን ከአንገቴ ላይ ጨበጠና እስኪያንቀኝ አጠበቀው። "ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ለምን አልተናገርሽም?" ይላል። ጉልበቱ እየተመለሰ እንደነበር ከእጁ አወቅሁ። አልታገልሁትም። በመጨረሻ ራሱ ለቀቀኝና ዞሮ እንደገና አስመለሰ፤ ሐሞት ብቻ ነው የወጣው።

ነጠላዬን ቀድጄ ራሱን አሰርሁለት። ጥላ ሥር በጎኑ አስተኝቼ ዓይኑን እንዲጨፍን ነገርሁት። ከመንገዱ በታች ካለ ቤት ደም ያየች ሴት ጠላ ይዛልን መጣች፤ ጠላውን ከለከልሁትና ውኃ አስመጣሁ። ጥማቱ ቢበረታም በአንድ ጊዜ እንዲጠጣ አልፈቀድሁለትም፤ ጉንጭ፣ ቆይቶ ሌላ ጉንጭ። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆይተን ዓይኑ ሲጠራ፣ ማቅለሽለሹም ሲተወው ተነሳን።

ወደ ቢቸና በእግራችን ሄድን። መኪና ሲሰማ ከመንገዱ እየወረድን ማሽላ ውስጥ እንገባለን። ከደብረ ወርቅ በኩል ያ የጭነት መኪና አለፈን፤ ከላይ የተጫኑት አንዱ በአንዱ ላይ እያስመለሱ ነበር፤ አንድ ወታደር ቀና ያለውን ሁሉ በእርግጫ ያስጎነብሳል። በአቧራው ውስጥ ባለ አንድ ጫማውን ሰውዬ የፈለግሁ ይመስለኛል፤ አላየሁትም።

ገበሬው ብዙ አላወራኝም። አንድ ጊዜ ሳናግረው ሳይመልስልኝ ቀረና "በዚህ በኩል ሆነሽ ተናገሪ" አለኝ፤ ቀኝ ጎኑን እያሳየኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ?" አለ። ከጆሮው ይልቅ ያሳሰበው የአራስ መጠየቂያው ነበር። ለተዝካሩ የያዝሁት ስኳር ነበረኝ፤ በቀበሌ ተራ ጠብቄ ያገኘሁት። ከፍዬ ሰጠሁት። እንቢ አላለም፤ አመሰገነኝም ማለት አልችልም።

ቢቸና ስንደርስ ፀሐይ ወደ ጮቄ አዘንብላለች። በገበያው መግቢያ ተለያየን። ከቤት ስደርስ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት የአባቴ ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ። እናቴ ፊቴን አየችና "ማን ነው?" አለችኝ።

"ከመኪና ወደቅሁ" አልኋት። ከጎረቤት የመጡ ሴቶች ስለነበሩ አልመረመረችኝም፤ የሞቀ ውኃ በጨው ይዛ መጥታ ከንፈሬን አጠበችልኝ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሞጣ፣ ዓይኑ መግል የያዘ ሕፃን ታቅፋ አንዲት ሴት መጣች። ሰፈሯንና የባሏን ስም ስጠይቃት የዚያ ገበሬ ሚስት መሆኗን አወቅሁ። እሷም እኔን አወቀችኝ፤ ሊልካት ሲል ምልክቴን ነግሯት ኖሯል።

"በቀደም ከቤት ወሰዱት" አለችኝ። "ሦስት ቀን አቆይተው መለሱት። ግራ ጆሮው የሞተ ነው፣ ትእዛዝ የማይሰማ ምን ይሠራልናል አሉ። ያንን የመታውን ወታደር እግዜር ይስጠው እላለሁ እኔ።"

የሕፃኑን ዓይን በተፈላ ውኃ እየጠረግሁ፣ ቅባቱን ጠዋትና ማታ እንድትቀባው ነገርኋት። ልትሄድ ስትል ልጁን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና ፊቷን አጨማደደች።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም አይደል።"

በሩን ዘጋሁት። ቀሚሷን ከጎኗ ገለጥ ስታደርገው ከብብቷ እስከ ወገቧ ጠቁሯል።

"ድሮ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም" አለች። "አሁን ከኋላው ስመጣ አይሰማኝም፤ ይደነግጥና ይማታል። ሲደነግጥ ብቻ ነበር መጀመሪያ።"

የጎድን አጥንቷን አንድ በአንድ ዳሰስሁ። አልተሰበረም። ሰፋ ባለ ፋሻ አሰርኋትና ባልሽ ራሱ ይምጣ፣ ጆሮውን ልየው፣ አልኋት። እነግረዋለሁ አለች። አልመጣም። እሷ ግን ሁለት ጊዜ መጣች።